ምጣዱ ማታ ለምን ይደክማል? ከቮልትና ከአምፔር ኦሙንና ዋቱን ማውጣት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የኤሌክትሪክ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። እናቴ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። ምጣዷ ላይ 220 ቮልት፣ 3500 ዋት ተብሎ ተጽፏል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ስትጋግር እንጀራው ያምራል። ማታ 1 ሰዓት ላይ ግን ምጣዱ ይደክማል፣ እንጀራውም አይን አያወጣም። በክላምፕ ሜትር ስለካ ሌሊት 206 ቮልትና 14.8 አምፔር፣ ማታ 178 ቮልትና 12.8 አምፔር አገኘሁ። ማታ ምጣዱን ሳጠፋው እዚያው ሶኬት ላይ 196 ቮልት ይላል። ነቅዬ፣ ቀዝቅዞ በኦም ስለካው 13.6 አነበብኩ። ወጥ ቤታችን ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው፤ ከቆጣሪው 30 ሜትር ያህል ይርቃል፣ ሽቦውም ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ነው። የሰፈራችን ሠራተኛ «ኮይሉ አርጅቷል፤ ቆርጠን እናሳጥረው፣ ያኔ ይግላል» አለን። ሬዚስታንሱንና ፓወሩን እንዴት ላስላ? የትኛውን ቁጥር ልመን? ይቆረጥ ወይስ ይቅር?

ምላሽ፦ ይቅር፣ አይቆረጥ። ምክንያቱን ከራስህ ቁጥሮች ላሳይህ። ብዙ ሰው «መብራቱ ደከመ» ብሎ ብቻ ነው የሚጠይቀኝ። አንተ ግን በሁለት የተለያየ ሰዓት ቮልቱንም አምፔሩንም ለክተሃል። ከመልሱ ግማሹ እዚያው ውስጥ አለ።

ሬዚስታንሱን ለማግኘት ቮልቱን ለአምፔሩ አካፍል። ሌሊት 206 ÷ 14.8 = 13.92 ኦም። ማታ 178 ÷ 12.8 = 13.91 ኦም። ጎን ለጎን አስቀምጣቸውና እያቸው። ቮልቱ በ28 ወረደ፣ አምፔሩም ተከትሎት ወረደ። ኦሙ ግን ንቅንቅ አላለም።

ፓወሩ ደግሞ ቮልቱ በአምፔሩ ሲባዛ ነው። ሌሊት 206 × 14.8 = 3049 ዋት። ማታ 178 × 12.8 = 2278 ዋት። እናትህ ማታ የምትጋግረው ከሌሊቱ ሩብ ያህል ሙቀት ተቀንሶባት ነው። ሙያዋም ሊጡም የሌሊቱ ናቸው። የቀነሰው ምጣዱ የሚያገኘው ፓወር ነው።

አሁን ምጣዱ ላይ ወደተጻፈው እንሂድ። 3500 ÷ 220 = 15.9 አምፔር። 220 ÷ 15.9 = 13.8 ኦም። በአምፔሩ በኩል ማለፍ ካልፈለግህ ቮልቱን በራሱ አባዛና ለዋቱ አካፍል፤ 220 × 220 ÷ 3500 = 13.83 ኦም። አንተ የለካኸው 13.9 ነው። ፋብሪካው ከጻፈው ጋር ተገጣጠመ ማለት ይቻላል። ኮይል ሲያረጅ ሽቦው ላይ ላዩን እየተበላ ይቀጥናል፣ ሲቀጥን ኦሙ ይጨምራል። 15 ወይም 16 ኦም ብታገኝ ኖሮ ሠራተኛው ልክ ነው እልህ ነበር። ያንተ ኮይል ግን ደህና ነው።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 3500 ዋት የምጣዱ የራሱ ንብረት ይመስለዋል። የምጣዱ የራሱ የሆነው 13.9 ኦም ብቻ ነው። ዋቱ የሚወሰነው በዚያ ኦምና በዚያ ሰዓት በመጣው ቮልት ነው። ቮልቱ ሲጎድል ዋቱ አብሮት ይጎድላል፣ ያውም በባሰ መጠን። 178 የ220 81 በመቶ ነው። 0.81ን በራሱ ስታባዛው 0.66 ገደማ ይመጣል። ቮልቱ በ19 በመቶ ሲወርድ ዋቱ በ35 በመቶ ይወርዳል። ቮልቱ ሲቀንስ አምፔሩም ስለሚቀንስ፣ ሁለት የተቀነሱ ነገሮች ናቸው የሚባዙት። 178 ቮልት «ያን ያህል ዝቅተኛ አይደለም» ሊመስል ይችላል። ለኤልኢዲ አምፖል እውነትም ምንም ላይሆን ይችላል፤ ለምጣድ ግን ብዙ ነው።

በነገራችን ላይ ኦም ራሱ የሚዋዥቅ ቮልት አስቸግሮት ነበር። ጀርመናዊው ጌኦርግ ሲሞን ኦም ኮሎኝ ከተማ ውስጥ ሲያስተምር ሙከራውን የጀመረው በዘመኑ ባትሪ ነው። ባትሪው ሲሠራ እየደከመ ስሌቱን አበላሸበት። ኋላ በፊዚክስ ሊቁ በፖገንዶርፍ ምክር ባትሪውን ትቶ የቢስመዝና የመዳብ ጥንድ ያዘ። አንዱን ጫፍ የፈላ ውኃ ውስጥ፣ ሌላውን በረዶ ውስጥ አደረገው። ሙቀቱ ስለማይለዋወጥ ቮልቱም ረጋለት። እ.ኤ.አ. በ1827 ያሳተመው ሕግ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንተ ሰፈር የሚረጋ ቮልት ስለሌለ ግን ቮልቱንና አምፔሩን በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መለካት አለብህ። ቮልቱን አሁን፣ አምፔሩን ከሩብ ሰዓት በኋላ ከለካህ የሚወጣው ኦም የማንም አይደለም።

«የትኛውን ቁጥር ልመን?» ላልከው፣ 13.6ቱ ውሸት አይደለም፤ ግን ሁለት ነገር ይጎድለዋል። መጀመሪያ የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች አነካክተህ ስንት እንደሚል እይ። ብዙ ጊዜ 0.2 ወይም 0.3 ኦም ይላል። ያ የገመዶቹ የራሳቸው ነው፤ ቀንሰው። 0.3 ነው እንበል፤ 13.3 ቀረህ። ሁለተኛው ነገር ሙቀት ነው። ሽቦው ሲግል ሬዚስታንሱ ይጨምራል። የምጣድ ኮይል አብዛኛውን ጊዜ ኒክሮም ወይም የብረት፣ የክሮሚየምና የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። እነዚህ ሲግሉ የሚጨምሩት ጥቂት በመቶ ነው። ከ13.3 ወደ 13.9 መሄዱ 4.5 በመቶ ነው፤ የሚጠበቅ ነው። የክር አምፖል ቢሆን ግን ጉድ ታይ ነበር። 100 ዋት፣ 220 ቮልት አምፖል ሲበራ 484 ኦም ነው። ቀዝቅዞ ስትለካው የዚያን አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ነቅለህ የለካኸው ኦም ኮይሉ መበጠስ አለመበጠሱን ይነግርሃል። ለስሌት የሚሆንህ ግን ግሎ እየሠራ ከቮልትና ከአምፔር ያወጣኸው ነው።

የቮልቱ ነገር ነው ዋናው። ምጣዱ ሲጠፋ 196፣ ሲበራ 178። 18 ቮልት የት ገባ? ከትራንስፎርመሩ እስከ ሶኬትህ ያለው መስመር በላው። መስመሩም ሬዚስታንስ አለው፣ በዚያው ሕግ ይሰላል። 18 ÷ 12.8 = 1.41 ኦም። ምጣዱ ሲበራ ይህ መስመር 18 × 12.8 = 230 ዋት ያህል ሙቀት ይሆናል፤ ምሶሶ ላይ፣ ግድግዳ ውስጥ፣ መጋጠሚያ ላይ። እንጀራ የማይጋግር ሙቀት። በዚያች ደቂቃ ጎረቤት ምጣድ ከለኮሰ ቁጥሩ ይዛባልና ማብራት ማጥፋቱን ደጋግመህ ለካ።

ከ1.41ዱ ያንተ ድርሻ ስንት ነው? አንድ ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አንድ ሜትር የመዳብ ሽቦ 0.0172 ኦም ገደማ አለው። ከቆጣሪው 30 ሜትር ነው ብለሃል፤ ከረንቱ ግን ሄዶ ይመለሳልና 60 ሜትር አድርገህ ቁጠረው። 60 × 0.0172 ÷ 1.5 = 0.69 ኦም። ግማሽ ያህሉ ከቆጣሪው በኋላ ያለው የራሳችሁ ሽቦ ነው። የቀረው 0.72 ከቆጣሪው በፊት ነው። የመንገዱን መስመር ሰው ሁሉ ይረግማል፤ ጓሮው ያለችውን ቀጭን ሽቦ ግን ዞር ብሎ የሚያያት የለም።

አሁን ወደ መቁረጡ። ሠራተኛው ጨርሶ የተሳሳተ አይደለም። ሽቦው ሲያጥር ኦሙ ይቀንሳል፣ ኦሙ ሲቀንስ ከረንቱ ይጨምራል፣ ምጣዱም ይግላል። እስከዚህ ልክ ነው። በ178 ቮልት 3500 ዋት ለማግኘት 178 × 178 ÷ 3500 = 9.05 ኦም ያስፈልጋል። ከኮይሉ ሢሶውን ያህል ቆርጠህ ጣልክ ማለት ነው። ግን ቮልቱ 178 ላይ ቆሞ አይጠብቅህም። ከረንቱ ሲጨምር መስመሩ የሚበላውም ይጨምራል። ማታ የሚመጣው 196 ÷ (9.05 + 1.41) = 18.7 አምፔር ነው። ምጣዱ ላይ የሚደርሰው 170 ቮልት ገደማ፣ ዋቱም 3180 ገደማ ይሆናል። የፈለግኸው 3500 ማታም አልመጣም።

ሌሊቱ ደግሞ አለ። ሌሊት ምጣዱ ሲጠፋ ሶኬቱ ላይ የሚኖረው 206 + 14.8 × 1.41፣ ወደ 227 ቮልት ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። አጭሩን ኮይል ስትለኩስበት 227 ÷ 10.46 = 21.7 አምፔር ይመጣል። ሶኬትህ የተሠራው ለ16 ነው። ባለ 1.5 ሽቦም ከዚያ ብዙም አያልፍም። ብሬከሩ ልኩ ከሆነ ይወርዳል። «ይወርዳል» ተብሎ በትልቅ ከተቀየረ ደግሞ ብሬከሩ ቁጭ ብሎ ሽቦው ይነዳል። ኮይሉም አይተርፍም። እያንዳንዱ ሴንቲሜትር ሽቦ የሚሸከመው ሙቀት ከከረንቱ ካሬ ጋር ነው የሚሄደው፤ እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጁል እ.ኤ.አ. በ1841 ያሳየው ይህንኑ ነው። ከ14.8 ወደ 21.7 ስትሄድ በሴንቲሜትር ያለው ሙቀት ከእጥፍ ያልፋል። ኮይሉ ብዙ ሳይቆይ ይበጠሳል፣ የሸክላው ምጣድ ሊሰነጠቅም ይችላል። ያኔ ለአዲስ ምጣድም ለአዲስ ኮይልም ትከፍላላችሁ።

የተበጠሰ ኮይል ጫፍና ጫፉን ጠምዝዞ መቀጠልም ልክ እንደ መቁረጥ ነው። በተቀጠለ ቁጥር ሽቦው ያጥራል፣ ኦሙ ይወርዳል። የተጠመዘዘው ቦታም በደንብ ስለማይነካካ እዚያው ላይ ይግላል፣ ነጭ ሆኖ ይቃጠላል፣ እንደገና ይበጠሳል። ከዚህ በፊት ተቀጥሎ ያውቃል እንዴ? ሸክላውን ገልብጣችሁ በተጠማዘዘው ቦይ ውስጥ ኮይሉን ተከትላችሁ እዩት።

«ታዲያ ስታብላይዘር እንግዛ?» ማለትህ አይቀርም። ይሄን ደግሞ ሒሳቡን ሠርተህ ወስን። ስታብላይዘር ዋት አይፈጥርም፤ ቮልቱን ከፍ የሚያደርገው ከመስመሩ ብዙ አምፔር ስቦ ነው። ምጣዱ ሙሉ 3500 ዋት እንዲያገኝ ከ196 ቮልትህ፣ በ1.41 ኦም መስመር ላይ፣ 21 አምፔር መሳብ አለበት። የስታብላይዘሩን የራሱን ብክነት ሳንቆጥር ነው ይሄ። መስመሩ የሚበላው 21 × 21 × 1.41 = 620 ዋት ገደማ ይሆናል። ከዚያ ውስጥ 300 ዋት ያህሉ ጓሮ ባለችው ባለ 1.5 ሽቦ ላይ ነው። ያችን ሽቦ ግድግዳ ውስጥ 300 ዋት ልታሸክማት ነው። ሽቦውን ሳትቀይር ስታብላይዘር መግዛት አልመክርም። ከቀየርክም በኋላ ቢያንስ 5 ኪሎ ቮልት አምፔር የሚሸከም ይፈልጋል፤ ዋጋውን ጠይቀህ ከእናትህ የማታ ገቢ ጋር አወዳድር። እኔ ብሆን የማልገባበት ወጪ ነው።

እኔ የምጀምረው ከሽቦው ነው። ከቆጣሪው አጠገብ ካለው ማከፋፈያ እስከ ወጥ ቤት ባለ 4 መዳብ ሽቦ፣ ለብቻው 20 አምፔር ብሬከር፣ ከኧርዝ (ወደ መሬት ከሚወርደው የደህንነት ሽቦ) ጋር። 60 × 0.0172 ÷ 4 = 0.26 ኦም። ጠቅላላ መስመሩ ከ1.41 ወደ 0.98 ይወርዳል። ማታ 196 ÷ (13.9 + 0.98) = 13.2 አምፔር፣ ወደ 2410 ዋት። ከድሮው 130 ዋት ያህል ጨመረ። ሌሊት ደግሞ ከ180 ዋት በላይ ይጨምርልሃል። ተአምር ነው ብዬ አልዋሽህም። 196ቱ ከውጭ ስለሚመጣ የማታው ችግር በሽቦ ብቻ አይፈታም። ግን ከምትጨምረው ዋት ግማሽ ያህሉ እስካሁን ግድግዳ ሲያሞቅ የነበረው ነው፣ ያውም ሂሳቡን እናንተ የምትከፍሉት። ከቆጣሪው በኋላ የሚባክነው ሁሉ ቆጣሪው ላይ ይቆጠራል።

ሽቦ ከመግዛትህ በፊት ግን አንድ ነገር ለካ። ማታ ምጣዱ በርቶ፣ ሶኬቱ 178 ሲል፣ ቆጣሪው አጠገብ ብሬከሩ ላይ ስንት ቮልት አለ? በስሌቴ ከሆነ 178 + 12.8 × 0.69፣ ማለትም 187 ገደማ መሆን አለበት። 187 ካገኘህ ሽቦው ቀጭን እንጂ ጤነኛ ነው። 192 ብታገኝ ግን ከሽቦው ውጭ 5 ቮልት የሚበላ ነገር መሃል ላይ አለ ማለት ነው፤ የላላ ቪስ፣ የጠቆረ ሶኬት ወይም በፕላስተር የተጠቀለለ ቅጥያ። 5 × 12.8 = 64 ዋት። የድሮ አምፖል ሙሉ ሙቀት አንዲት ጠባብ መጋጠሚያ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። እሳት የሚነሳው ከእንዲህ ያለው ቦታ ነው። ጋግራችሁ ስትጨርሱ መሰኪያውን ንቀልና እግሮቹን እያቸው። ቀለማቸው ሰማያዊ ወይም ጥቁር ከሆነ፣ ፕላስቲኩም ዙሪያውን ቡናማ ካለ፣ ሶኬቱን ዛሬውኑ ቀይር። ከምሶሶ የሚመጣው ገመድ ደግሞ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ነው። ከመዳብ ጋር በእጅ ተጠምዝዞ ከተያያዘ እየዛገ ሬዚስታንሱ ይጨምራል። እሱን ግን አንተ አትነካውም፤ ከቆጣሪው በፊት ያለው የአቅራቢው ሥራ ነው።

ስለ አለካኩ ጥቂት ልበልህ፣ ተማሪ ስለሆንክ። ክላምፑ ውስጥ አንድ ሽቦ ብቻ ይግባ። ፌዙንም ኒውትራሉንም አብረህ ካስገባህ ሄዶ የሚመለሰው ከረንት እርስ በርሱ ይጠፋፋና ዜሮ ያነባል፤ «ምጣዱ አይስብም» ብለህ ትደመድማለህ። በኦም ስትለካ ምጣዱ ከሶኬት ይነቀል፤ ማጥፊያውን ብቻ ማጥፋት አይበቃም። ኦም ላይ ያለ ሜትር መብራት ካገኘው አንተንም ሜትሩንም ይጎዳል። ከረንት ባለበት ሶኬት ላይ ስትለካ እጅህ በሊጥ ወይም በውኃ የረጠበ አይሁን፤ ባዶ እግርህንም ሲሚንቶ ላይ አትቁም። የምጣዱ ቆርቆሮ ኧርዝ እንዳለውም አረጋግጥ። የሸክላው ስንጥቅ ሊጥ ካሳለፈ ቆርቆሮው መብራት ሊይዝ ይችላል፣ እናትህም በእርጥብ እጇ ነው የምትነካው።

ቮልት በአምፔር ሲባዛ ዋት የሚሆነው ለምጣድ፣ ለካውያ፣ ለምድጃ፣ ለቦይለር ነው። ፍሪጅና የውኃ ፓምፕ ላይ አትሞክረው። ሞተር ስላላቸው ቮልቱና ከረንቱ እኩል አይራመዱም። ስታባዛ የምታገኘው ቮልት አምፔር ነው፤ እውነተኛው ዋት ከዚያ ያንሳል። ቮልቱን ለአምፔሩ ብታካፍልም የጥቅልሉን ሬዚስታንስ አታገኝም። መምህሮችህ ፓወር ፋክተር ሲደርሱ ይነግሩሃል።

እናትህ «መብራት ሲደክም ቢል ይበዛል» ትል ይሆናል፤ ብዙ ጋጋሪ ይላል። ቆጣሪው የሚቆጥረው ያለፈውን ኪሎዋት ሰዓት ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ብትጋግር 2.278 × 3 = 6.8 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ በሌሊቱ ኃይል ቢሆን 9.1። በሰዓት ሲታሰብ ማታ ያነሰ ነው የሚቆጥረው። ግን ምጣዱ እስኪግል ይቆያል፣ በእያንዳንዱ እንጀራ መሃልም ይጠበቃል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሙቀቱ በጎንና በታች ይወጣል። ስለዚህ በሰዓት ሳይሆን በእንጀራ ስታሰላው እሷ ልክ ልትሆን ትችላለች። ይህን ማረጋገጥ ቀላል ነው። ሌላውን ዕቃ ሁሉ አጥፍታችሁ፣ እኩል ቁጥር እንጀራ ሌሊትም ማታም ጋግራችሁ ቆጣሪውን ከመጀመራችሁ በፊትና ስትጨርሱ አንብቡ።

እስከዚያው ትልቁን ጋገራ ወደ ሌሊት 11 ሰዓት አዙሩት። ማታ የግድ ከሆነ አክንባሎውን ቶሎ ክደኑ። አንዱ እንደወጣ ሌላው ሊጥ ወዲያው አይፍሰስ፤ ምጣዱ ሙቀቱን እስኪመልስ ትንሽ ታግሡ።

ለአቅራቢው ስታመለክት «መብራት ይደክማል» ብለህ ብቻ አትጻፍ። የቤቱን ዋና ብሬከር አጥፍተህ ከብሬከሩ በላይ፣ በቆጣሪው በኩል ያለውን ቮልት በማታ ለካ። ቀኑንና ሰዓቱን ጨምረህ ለጥቂት ማታዎች መዝግብ። እናንተ ምንም ሳትስቡ ቆጣሪው ጋ 196 ከሆነ ችግሩ ከእናንተ ቤት እንዳልመጣ ማንም አይከራከርህም። ጎረቤቶችህም በዚያው ሰዓት የየራሳቸውን ቢለኩ ጥሩ ነው። ሁሉም ጋ ዝቅ ካለ መስመሩ ወይም ትራንስፎርመሩ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል። እናንተ ጋ ብቻ ከሆነ ደግሞ ከምሶሶ ወደ ቤታችሁ የሚገባው ገመድና ማያያዣው እንዲፈተሽ ጠይቅ።